ዝሆኑን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ

መስከረም 14 ቀን 2018

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። መስመሩ ሰፋ ያለውን መረጥኩ። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ይሄ የሕፃናት ነው» አለኝ። «ልክ ብለሃል፣ የሁለት ዓመት ተማሪ ነኝ» ብዬ ወሰድኩበት።

መምህርት ብርቅዬ የማታ ክፍሉን ስንጨርስ «ፊደል ካልተጠቀሙበት ይሸሻል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ» ብላናለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በፊደል ግን እናቴ ናት። ከኔ የሚሸሽ ፊደል ግን ገና አልተፈጠረም። ከሀ እስከ ፐ ጨርሼ፣ ዲቃላዎቹን ሳይቀር ለቅሜ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከክፍላችን የክብር ምስክር ወረቀት የተሰጠው ለሁሉም ቢሆንም፣ የኔ ላይ ያለው ማኅተም ደመቅ ይላል።

ስሜ ሚልኬሳ ነው። ሰበታ ተወለድኩ፣ ሰበታ አደግኩ፣ ከሰበታ አየር ጤና ሚኒባስ እነዳለሁ። መኪናዋ የራሴ ናት። ረዳቴ ዱርሲቱ ትባላለች፤ ሴት ናት፣ ድምጿ ከኔ ክላክስ ይበልጣል። እኛ መኪና ውስጥ ረዳት በር ላይ ቆሞ የመንገድ ስም ብቻ አይጠራም። «ቀኝ ክፍት ነው! ባጃጅ እየገባ ነው! ቀስ፣ እናት እየተሻገሩ ነው! በቃ ሂድ!» ትላለች፣ እኔ እሄዳለሁ። ሌሎቹ ሹፌሮች «ረዳት ነው ወይስ ሬዲዮ የቀጠርከው?» ይሉኛል። ሥርዓት ነው እላቸዋለሁ። እነሱ አይገባቸውም።

ዋናውን ረሳሁት። ትናንት የመጨረሻው ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው የፊደል ሥዕል «ዝ» ጋ ሲደርስ ዝሆን አለው። እኔ እንዲሁ አፌ አላርፍ ብሎ «እኔ ይሄንን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሥዕሉ ላይ አሳንሰውታል» አልኩ። እውነቱ የሚባለው የክር ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ከኮንታ የመጣው፣ ዞር ብሎ «የት ጋ አየኸው ወንድሜ?» አለኝ። «ጫካ ውስጥ ነዋ! ጫንጮ ገበያ ላይ ያየሁት መሰለህ?» ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ እውነቱ፣ የነሱ አገር ፓርክ ውስጥ ዝሆን እንደ ከብት እንደሚሄድ ነገራቸው። መምህርት ብርቅዬ እጇን አጨበጨበችና «እንግዲያው የምረቃ ጉዟችን ይሁን! መኪናውም አለ፣ ዝሆን የሚያውቅ ሹፌርም አለ» አለች።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን እንሄዳለን። አሥራ አንድ ሰው። እኔ እነዳለሁ።

ዝሆን አይቼ አላውቅም። ይህ እዚህ ይቅር።

መስከረም 23

በጣም ቸኩያለሁ። የሰበታ ሰው አንድ አዲስ ልማድ አምጥቷል፤ ከጎን ድንገት ይበቅላል። ዛሬ አንድ ሰውዬ ከመሬት ፈልቆ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ቆመ። ዱርሲቱ «ቁም!» ባትል ኖሮ፣ ያው፣ ቆሜ ነበር። ሰውዬው ሰደበኝ። «ዕውር!» አለኝ። እኔም «አንተ ነህ ያላየኸኝ» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ዱርሲቱ አልሳቀችም።

ጥቅምት 2

ስለ መንጃ ፈቃዴ ልጻፍ። ታኅሣሥ ላይ ይታደሳል።

ባለፈው ሲታደስ ለዓይን ምርመራ ቁም አሉኝ። ግድግዳ ላይ ፊደል አለ፤ ሴትየዋ በእንጨት ትነካና «ይሄ?» ትላለች። እኔ ያኔ ያልተማርኩ ነኝ። አንድም አልታየኝም፣ ማለቴ፣ አላወቅኩትም። ግን ሰልፍ ላይ ሆኜ ከፊቴ የነበሩት ሲመልሱ እሰማ ስለነበር በቃሌ ይዤዋለሁ። እንደ ዳዊት ደገምኩላት። «ጎበዝ፣ ዓይንህ የንስር ነው» አለችኝ። ይህን ምስጋና ለስንቱ እንደተናገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የማታ ትምህርት የገባሁትም ለዚሁ ነው። ፊደል ካወቅኩ ግድግዳው ላይ ያለውን አነበዋለሁ፣ መሸምደድ አያስፈልገኝም ብዬ። ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። አሁን ፊደል አውቃለሁ። የማውቀውን ፊደል ሁሉ ደብተሬ ላይ፣ እዚህ አፍንጫዬ ሥር፣ አነባለሁ።

ዛሬ ከመነኻሪያው ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ሞከርኩ። ቀለሙ ደብዝዟል። ዱርሲቱን «ምን ይላል? ልፈትንሽ» አልኳት። አንድ ቃል ሳይቀራት ዘረገፈችልኝ። እሷ ወጣት ናት። ለወጣት ቀለም ይታያል።

ጥቅምት 8

ኦቦ ሊቤ ዛሬ ጋቢና ገቡ። እሳቸው ሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በነጭ ዱላቸው ጎማዬን መታ መታ አድርገው ነው የሚሳፈሩት፤ «ጎማህ አየር ጎድሎታል» ይሉኛል፣ ሁልጊዜም ልክ ናቸው።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ ሊቤ! እንዴት አደሩ!» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ዛሬ ልጅቷ ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ አሟታል?»

«ጉንፋን ነው» አለች ዱርሲቱ ከኋላ።

ዓለም ገና እስክንደርስ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብለው፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ «ሚልኬሳ፣ አንተ ፍሬን የምትይዘው ልጅቷ ከተናገረች በኋላ ነው። ሁልጊዜ። አንድም ጊዜ አልቀደምካትም» አሉኝ።

«ተባብሮ መሥራት ነዋ፣ ኦቦ!»

«እኔም እንደዚያ ነበር የጀመረኝ» አሉ።

ምን እንደጀመራቸው አልጠየቅኳቸውም። ሽማግሌ ሰው ወሬው ብዙ ነው። ሲወርዱ እጄን ፈልገው ጨበጡኝ፤ እኔም እጃቸውን ፈለግኩት። መጀመሪያ አየር ነው የያዝኩት። መኪናው ስለተንቀሳቀሰ ነው።

ጥቅምት 17

የሱሉልታው ነገር። ረጅም ነው፣ ግን እንቅልፍ ስለሌለኝ ልጻፈው።

የገለቴ ዘመዶች ቡራዩ ናቸው፤ ሱሉልታ ሠርግ ነበራቸውና እኔ ላደርሳቸው ቃል ገባሁ። ገለቴ ሚስቴ ናት። ሲነጋ ሄድን፣ ሁሉም ደህና። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «እንሂድ» አልኩ። ሙሽራው ገና አልወጣም። «አባ ችኩል!» አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ «እንሂድ» አልኩ። ዳንስ ላይ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉም መጣ። የሱሉልታ ጉም ታውቃላችሁ፣ ቤት ሳይቀር ይዞ ይሄዳል። መብራቶቹ ሁሉ ዙሪያቸውን ቀለበት ሠሩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደ ቀስተ ደመና። «አያምርም?» አልኳት ዱርሲቱን። «ምኑ?» አለችኝ።

ከእንጦጦ ስንወርድ ዱርሲቱ ጋቢና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አፏ አልተዘጋም። ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ፣ አሁን ጎበጥ ይላል፣ አይሱዙ እየመጣ ነው፣ ጠርዙን ልቀቅ፣ ልቀቅ! ከኋላ ያሉት ሠርገኞች የሚያጨበጭቡ ስለነበሩ እሷ የምትዘፍን መስሏቸው ተቀበሏት። እውነት ለመናገር የሚያስቅ ነበር።

አንድ ምሰሶ ቀኝ ስፖኪዮዬን ወሰደው። ምሰሶው ነው አጉል የቆመው።

ቡራዩ ሰዎቹን ካወረድን በኋላ ዱርሲቱ አልወረደችም። ድምጿ አልቆ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ጋሼ፣ ለዝሆኑ ጉዞ ሌላ ሹፌር እንፈልግ።»

«ማንን?»

«እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ባለፈው ዓመት ያወጣሁትን ታውቃለህ።»

«አንቺ በር ላይ ነው የምታምሪው።»

«ጋሼ ሚልኬሳ። አሥራ አንድ ሰው ነው።»

«እኔ በዚህ መንገድ ላይ አንቺ ሳትወለጂ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ድሮማ ታይ ነበር።»

ይህችን ቃል ለምን እንደጻፍኳት አላውቅም። ንግግሯ ድፍረት ነው። ነገ ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

ጥቅምት 18

አልጠየቀችኝም።

ጥቅምት 24

ገለቴ ዘንድሮ ሥርዓተኛ ሆናለች። ድሮ በርጩማው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነበር፤ ስንቴ ቅልጥሜን እንደሰበርኩ። አሁን እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው፣ ከቦታውም አይነቃነቅም። የውሃ ጀሪካኑ ከግድግዳ ተጠግቷል። የመጸዳጃው መንገድ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሥቷል። ጎረቤት መጥቶ ወንበር ሲያዛውር ተከትላ ትመልሳለች። ጫማዬን ባስቀመጥኩበት አገኘዋለሁ።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ብላት፣ «ንጽሕና ነው የቦሩ አባት» አለችኝ። ወደ ደጅ ወጣች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። አቧራ ነው፤ ዕቃ ሲገፋ አቧራ ይነሣል።

ጥቅምት 29

ሰርቪስ። ዘይት። ስፖኪዮ አስገጠምኩ። አዲሱ ስፖኪዮ ከድሮው ያንሳል፤ ወይ እነሱ ያሳንሱታል።

ኅዳር 5

ዛሬ ማታ ደጅ ላይ ገለቴና ዱርሲቱ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬ የሚባል ነገር አንበሳ ነው፣ ይህን ማንም ይመሰክራል።

«ንገሪው አንቺ፤ አንቺን ይሰማል» ስትል ነበር ዱርሲቱ።

«ሲሰማኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀልዶብኝ ያልፋል። እኔም ስቄ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚያው ነን።»

«ሰው ቢገጭስ?»

ገለቴ «ከጎኑ እንዳትርቂ» አለች። «እባክሽ የኔ እናት፣ ዝም እንዳትይ።»

«ዝም አልልም።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ ቆሜ አሰብኩ። ሹፌር ብዙ ነው። ገብቼ ራዲዮ ከፈትኩ።

ኅዳር 12፣ ጅማ

በሌሊት የሚነዳ ሹፌር ሞኝ ነው ብዬ ሁሉም በብርሃን እንዲወጣ አደረግኩ። ከሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፤ የጊቤን በረሃ በቀትር ወረድነው። ዱርሲቱ በሩ ጋ ቆማ ትጠራልኛለች። እውነቱ አብረውን ከተማሩት የፋብሪካው ጓደኞቹ ጋር መዝሙር ይዘምራል። እኔ «በዚህ በኩል አንድ ጊዜ ነብር ተከትሎኝ ነበር» አልኩ። መምህርት ብርቅዬ «ከዚያስ?» አለች። «ከዚያማ ደክሞት ተሳፈረ፣ ወሊሶ አወረድኩት።» እስከ ጅማ ሲስቁ ሄዱ። እኔ ባልኖር ይህ ጉዞ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ጅማ ስንገባ ጀምበር ጠልቃለች። የሆቴሉን በር ሁለቴ አለፍኩት። ምልክቱ ትንሽ ነው።

ኅዳር 13፣ ጠዋት

ፓርኩ ጨበራ ጩርጩራ ይባላል። ስሙን ስጽፈው የጨ ቤተሰብ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። ዛሬ እንገባለን፤ መንገድ ላይ ለቁርስ ቆመናል። ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ነው፣ ዛፉ እርስ በርሱ ተቃቅፏል፣ ሰማዩም አረንጓዴ ነው። እውነቱ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ አገሩ ነው። «ዝሆኑን መጀመሪያ ያየ ሰው ምን ይሸለማል?» ይላል። «ምንም አትድከሙ፣ ያው እኔ ነኝ የማየው» አልኩ።

ኅዳር 14

ይህን በመመለሻው መንገድ ላይ እጽፈዋለሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ። ፊደሉ የተንጋደደው መኪናዋ ስለምትንጥ ነው።

ትናንት ጭቃ ይዞን ፓርኩ በር ላይ የደረስነው ጠዋት ሳይሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። አብሮን የሚገባው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ጥሩሰው ይባላል፤ ጠመንጃ የያዘ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያባክን ሰው። ሁላችንንም ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «ከዚህ ወዲያ ድምፅ የለም። ክላክስ የለም። ሙዚቃ የለም። ሳቅ የለም። ያየ ሰው በእጁ ያሳያል። ግልገል የያዙ አሉ፤ ድምፅ አይወዱም።»

ዱርሲቱ እጇን አወጣች። «እኔ ግን ለሹፌሩ እናገራለሁ።»

«ለምን?»

«ሥርዓታችን ነው።»

«ሹፌሩ ዓይን የለውም?» አለ ጥሩሰው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ዱርሲቱ አየችኝ፤ አየችኝ ብዬ ነው የምገምተው፣ ከጎኔ ነበረች። እንድናገር እየጠበቀች ነበር። እኔም ተናገርኩ። «የንስር ዓይን ነው ያለኝ፣ መንግሥት ያረጋገጠው» አልኩ።

ገባን። ጥሩሰው ጋቢና ከጎኔ። ዱርሲቱ ከኋላ፣ አፏን ይዛ።

በሕይወቴ መኪናዬ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ዛፎቹ ከላይ ስለገጠሙ መንገዱ ዋሻ ሆነ። ከፊቴ ግራጫ ቀዳዳ ነበር፤ እሱን ይዤ ሄድኩ። ጉሬዛ ከላይ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ውሃ በግራ በኩል ይወርዳል። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፣ ቀኝ በኩል፣ ወፍራም ቅርንጫፍ። ከኋላዬ ልብስ ተንኮሻኮሸ፤ ሰው ሁሉ እጁን እያነሣ ነበር አሉኝ በኋላ። ጥሩሰውም እጁን ዘርግቶ «ቁም» ብሏል። በእጁ ነዋ። እጅ ድምፅ የለውም።

እኔ ማርሽ ቀየርኩና ሄድኩ።

«ቁም! ጋሼ ቁም! ከፊትህ ነው!»

ዱርሲቱ ናት። ፍሬኑን የረገጥኩት እግሬ ይሁን የሷ ድምፅ አላውቅም። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ያ ግራጫ ቀዳዳ ተንቀሳቀሰ። መንገድ የመሰለኝ መንገድ አልነበረም። ተነፈሰ። መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ። ጆሮዎቹ ሲዘረጉ እንደ ሸራ ተርገበገቡ፣ ከዚያም ጮኸ፤ ጩኸቱ በመሪው በኩል እጄ ውስጥ ገባ። ከኋላ አንድ ሰው «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላል በሹክሹክታ። መምህርት ብርቅዬ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። ጥፍሯ አሁንም አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ዝሆኗም ቆመች። የሚበቃትን ያህል ቆይታ፣ ግልገሏን ይዛ ዞር አለች። ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ውሃ።

ጥሩሰው ቀስ ብሎ «እጄን አላየኸውም?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ፤ ሰላም የምትለኝ መስሎኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ተናግሬ ሰው ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

«ስንት ነበሩ?» አለ።

«አንድ። ግን ትልቅ።»

እውነቱ ነው ከኋላ የመለሰው፤ እንደ ሕፃን አባብሎ «ስድስት ናቸው ወንድሜ። አራቱ በቀኝህ በኩል ነበሩ፣ መስኮቱ ሥር» አለ።

ወደ ቀኝ ዞርኩ። ጥሩሰው ነበረ። ከሱ ወዲያ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ጨለማ። ለነሱ ገና ብርሃን ነበር።

ዱርሲቱ ወርዳ በኔ በኩል ያለውን በር ከፈተች። «ውረድ ጋሼ» አለችኝ። ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም። ወራጅ እንደምታወርድ ነው ያወረደችኝ።

ቁልፉን ሰጠኋት። ለሕዝቡ «ለልምምድ ትንዳው፣ ጫካ ለጀማሪ ጥሩ ነው» አልኩ። «ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለች መምህርት ብርቅዬ። ሁሉም «አዎ፣ አዎ» አሉ። ቶሎ ቶሎ ነው ያሉት።

ዱርሲቱ ስትነዳ ማርሹን አትጎትተውም። ጥሩ ይዛለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በር ላይ ሆና ስታየኝ ነው የተማረችው።

ኅዳር 16

ሰበታ። መነኻሪያው ሁሉ ጠበቀን። ተራ አስከባሪው «እህ፣ አባ ዝሆን! እንዴት ነበር?» አለ።

«ዝሆኑን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከዚህ እስከዚያች ድንጋይ ድረስ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ!»

ሳቅ ሆነ። እውነቱ ሻንጣውን ተሸክሞ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሳቁ በረድ ሲል ወደሱ ዞሩ፣ «እውነት ነው?»

«አዎ» አለ እውነቱ። «መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።»

ይህ ሰው ጸሎት የሚያበዛ፣ ውሸት የማይወድ ሰው ነው። ሻንጣውን አስተካክሎ ሄደ። ስሙን ልጠራው ፈለግኩ፤ ምን እንደምለው ግን አልመጣልኝም። እኔ ቃል የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም።

ኅዳር 23

ገለቴ ወደ አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ወሰደችኝ። መንገድ ላይ እጄን ይዛ ነበር፤ «ፍቅር ነው ወይስ ፖሊስ?» አልኳት። «ሁለቱም» አለች።

የሐኪሟ ግድግዳ ላይም ፊደል አለ። እዚያ ሰልፍ የለም፣ ከፊቴ የሚመልስ የለም። «ይሄን?» አለች። «ፊደል እኮ አውቃለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ግን ይሄን?» አለች። ወንበሬን እንድታስጠጋ ጠየቅኳት። አስጠጋች። እንደገና አስጠጋች።

የዓይን ግፊት ነው አለች። ነርቩን ይበላል፣ ከጎን ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ወደ መሐል ይመጣል፤ ሰው ሳያውቀው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፤ ጠብታው ዕድሜ ልክ ነው።

«መንዳትስ?» አልኩ።

መልስ አልሰማሁም። ቆይቼ «ምን አለች?» ብዬ ገለቴን ጠየቅኳት።

«ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች» አለችኝ።

ታኅሣሥ 3

የማደሻው ቀን ዛሬ ነበር። ጠዋት ለብሼ ወጣሁ፣ እስከ ፌርማታው ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ገለቴ ጠብታውን አደረገችልኝ። ያቃጥላል። ዓይኔ ያለቀሰው ከጠብታው ነው፤ ሐኪሟም ያስለቅሳል ብላለች።

ታኅሣሥ 11

መኪናዋ ሦስት ሳምንት ቆማ ነበር፤ ዛሬ ሥራ ገባች። ሹፌር፦ ዱርሲቱ። ረዳት፦ ሚልኬሳ። መነኻሪያው ውስጥ ሲያዩኝ ያልሳቀ የለም፤ ተራ አስከባሪው «አባ ዝሆን በር ላይ!» አለ። «ድምፅ ያለው ሰው ታች ሆኖ አይባክንም» አልኩት። ከዚያ ጮህኩ፤ አየር ጤና! አየር ጤና! ዓለም ገና የሚወርድ! የረዳት ድምፅ ምን እንደሆነ ሰበታ ዛሬ አወቀች። ተሳፋሪው ዱርሲቱን እያየ ሲያመነታ «ግቡ፣ ስድስት ዝሆን አስቁማለች» እላለሁ። ይገባሉ።

እሷ የኔን ጥሪ አትፈልግም፤ ሁሉንም ታያለች። የድሮ ሥርዓት ስለሆነ ግን «ቀኝ ክፍት ነው» አልኳት አንድ ጊዜ። «ክፍት አይደለም ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።

ኦቦ ሊቤ ጎማውን በዱላ መትተው ገቡ። ጋቢና አልሄዱም፤ በሩ ጋ፣ እኔ አጠገብ ተቀመጡ።

«ዛሬ ፍሬኑ ቀድሞ ይያዛል» አሉ ጥቂት እንደሄድን። «ማን ናት?»

«ዱርሲቱ ናት፣ ኦቦ።»

«አንተስ?»

«ረዳት ነኝ።»

ለማላገጥ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን አገኙና «ዝሆን አየህ አሉ። ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?» አሉኝ።

ታሪኩ ተዘጋጅቷል፤ ዓይን ለዓይን፣ ድንጋይዋ፣ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሲሰብር። ስንት ሰው አስቄበታለሁ። ከፊቴ ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው እየጠበቁኝ ነበር።

«አላየሁትም ኦቦ ሊቤ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። የሰማኸውን ንገረኝ።»

እኔም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ቅርንጫፍ፣ በቀኝ በኩል፣ ወፍራም። ከዚያ እግሩ ድምፅ እንደሌለው፤ ያን የሚያህል ሰውነት ቅጠል ላይ ሲረግጥ እንደማይሰማ፣ ሆዱ ብቻ ከሩቅ እንደሚመጣ የጭነት መኪና እንደሚያጉረመርም። ትንፋሹ መስታወቱን እንዴት እንደገፋው፣ ሽታው የጤፍ ገለባና የእርጥብ አፈር እንደሆነ። ጆሮው ሲዘረጋ ያለው ነፋስ። ጩኸቱ በመሪ በኩል እጅ ውስጥ እንደሚገባ፣ አሁንም እጄ ውስጥ እንዳለ። ግልገሉ ከእናቱ ሥር እንዴት ትንሽ፣ ቀጭን ድምፅ እንዳሰማ፤ ይህን ከመኪናው ውስጥ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌሎቹ ሲያዩ ነበር። ኦቦ ሊቤ ፊታቸውን ወደ ላይ አንሥተው አዳመጡ። አንዲት ሴት ልጇን አቀፈች።

ቀልድ አልነበረውም። አንድም ሰው አልሳቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

በመሐል ዱርሲቱ በመስታወት ጠራችኝ።

«ረዳት! ዓለም ገናን አለፍን እኮ። ወራጅ የለም?»

ሦስት ሰው ደንግጦ ብድግ አለ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ፣ በሩን በእጄ ፈልጌ ከፈትኩ።